ማማው ቆሟል፣ ጎጆዎቹስ?

ባለፈው እሑድ ሜሪላንድ፣ አንዲት ወዳጃችን ቤት ቡና ላይ ነበርን። ከዕረፍት ከተመለሰች ሳምንቷ ነው። በመርከብ ካሪቢያን ባሕር ላይ ያለችው ሴንት ቶማስ፣ ከዚያ በጀልባ ሴንት ጆን ደሴት ተሻግራ ነበር። ስልኳን አዞረችልን። ነጭ ቀሚስ ለብሳ አንድ የድንጋይ ማማ ሥር ቆማለች። ከኋላዋ ሰማያዊ ባሕር ይታያል። "የሠርጌን ፎቶ እዚህ ነው የምነሳው" አለች።

ታሪክ የሚያስተምር ወዳጃችን ስልኩን ተቀብሎ ትክ ብሎ አየው። "ይሄ አናበርግ አይደለም እንዴ?"

ነው፤ የድሮ የሸንኮራ እርሻ። ማማው በፈረንጆች አቆጣጠር ከ1810 እስከ 1830 ባለው ጊዜ ውስጥ የተሠራ፣ በነፋስ ኃይል ሸንኮራ ይጨመቅበት የነበረ ነው። ደሴቱ ያኔ የዴንማርክ ነበር። ሸንኮራውን የሚቆርጡት፣ የሚጨምቁትና የሚያፈሉት ከአፍሪካ በባርነት የተወሰዱ ሰዎችና ልጆቻቸው ናቸው።

"ሰው በተገረፈበት ቦታ ነው ቬሎ የምትለብሺው?" አላት።

ፊቷ ተለወጠ። "እኔ ማንን በደልኩ? ብሔራዊ ፓርክ ነው። ሰው ሁሉ ፎቶ ይነሳል። የሚያምር ነገር ያምራል ማለት ኃጢአት ሆነ?"

"ቢፈርስ ነበር የሚሻለው" አለ እሱ። "ድንጋይ በድንጋይ ላይ ባይቀር።"

እጮኛዋ ሊያበርድ ገባ። ዴንማርክ እኮ የባሪያ ንግድን ቀድማ የከለከለች አገር ናት አለ። እውነት ነው፣ ሕጉ በ1792 ወጥቶ በ1803 ጸንቷል። ግን የተከለከለው በባሕር አሻግሮ ማምጣቱ ነው። እዚያው ያሉት እስከ 1848 ባሪያ ሆነው ቆዩ። መምህሩ ይህን ሲናገር እጁ ይንቀጠቀጥ ነበር። ቀጥሎ የ1733ቱን የሴንት ጆን አመፅ ነገረን። በዚያ ዓመት መስከረም ላይ የወጣው የገዢው ደንብ፣ ኮብላዮችን የመራ ሰው በጋለ ብረት ሦስት ጊዜ ተቆንጥጦ ይሰቀል ይላል። ኅዳር ላይ ከአሁኗ ጋና በባርነት የመጡ የአክዋሙ ሰዎች ቢላ በማገዶ ሸክም ውስጥ ደብቀው የዴንማርኮቹ ምሽግ ገቡና ያዙት። አብዛኛውን ደሴት ለወራት ተቆጣጠሩ። አመፁ የተሰበረው ከማርቲኒክ በመጣ የፈረንሳይ ጦር ነው። እጅ ከመስጠት ራሳቸውን ማጥፋት የመረጡ ነበሩ።

ዝም አልን። ልጅቷ ይሄን አልሰማችም ነበር።

ከሁላችን በዕድሜ የሚበልጡት ጋሼ እስከዚያ አልተናገሩም። ያደጉት ወንጂ ነው። "የሸንኮራን ጠባይ ስለማውቅ ልንገራችሁ" አሉ። "ሸንኮራ አይጠብቅም። ከተቆረጠ በቶሎ ካልተጨመቀ ስኳሩ ይበላሻል። በወንጂ በማሽንም ሌት ተቀን ነው። እነዚያ ግን በእጃቸው ነው።" ነፋስ ሲመጣ ሌሊትም ቢሆን ይነሳሉ። አገዳውን በሚዞሩት ብረቶች መሀል የሚያጎርሰው ሰው እንቅልፍ ካዳፋው ክንዱ ይገባል። በካሪቢያን መጭመቂያዎች አጠገብ መጥረቢያ የሚቀመጠው ለዚህ ነበር፤ ቀሪውን አካል ለማትረፍ ክንዱን ለመቁረጥ። ጭማቂው ማፍያው ቤት ይወርድና ከትልቁ ጋን ወደ ትንሹ በጭልፋ እየተገለበጠ ይወፍራል። የሚነደው የተጨመቀው አገዳ ገለባ ነው። ትኩሱ ቢረጭ ቆዳ ላይ ይጣበቃል።

"ወንጂም ድህነት አይቻለሁ" አሉ ጋሼ። "ግን የወንጂ ሠራተኛ ደመወዝ አለው። ሲመረው ጥሎ ይሄዳል። ሁለቱን አንድ አታድርጉብኝ።"

"ታዲያ ይፍረስ ነው የሚሉት ጋሼ?" አለቻቸው።

"ማን ነው የገነባው?" ብለው መለሱላት።

እኔን የያዘኝ ይህ ጥያቄ ነው። የአናበርግ ግንብ ከአካባቢ ድንጋይ፣ ከባሕር ከወጣ ኮራልና በመርከብ ከመጣ ቢጫ የዴንማርክ ጡብ የተገነባ ነው። ኮራሉን ከባሕር ያወጡት፣ ድንጋዩን የካቡት እነዚያው ሰዎች ናቸው። መምህሩን እወደዋለሁ፣ ቁጣውም ቁጣዬ ነው። ነገር ግን ማማው ቢፈርስ የሚጠፋው የባለቤቶቹ ስም ሳይሆን የሠሪዎቹ እጅ ነው። በዚህ ተሳስቷል።

እሷም ተሳስታለች። ማማው ያማረው ለስኳር ስለተሠራ ነው። ለስኳር ድንጋይ ተቆረጠ፣ ለሰው ግን አልተቆረጠም። ከማማው ቁልቁል ባለው ተዳፋት የ16 ጎጆዎች ምልክት ተገኝቷል። በእንጨት የተማገሩ፣ በኖራና በጭቃ የተለሰኑ፣ የዘንባባ ክዳን ያላቸው ነበሩ። ምን እንደሆኑ እኛ የጭቃ ቤት ልጆች እናውቃለን፤ ክዳኑን የሚያድስ ሲጠፋ ክረምቱ ይወስደዋል። ስለዚህ ቦታውን ያየ ሰው የሚያየው የጌታውን ሀብት ብቻ ነው። ካልጠየቀ በቀር ሰዎቹ አልነበሩም ማለት ነው። ሠርግ እዚያ አይደረግም እላለሁ። ጉብኝት ግን ይደረግ፣ ፎቶም ይነሳ። ተዳፋቱን ሳይወርዱ መመለስ ነው እኔ የምቃወመው።

ማታ ደወለችልኝ። በፎቶው ላይ ከኋላዋ በባሕሩ ማዶ የሚታዩት ደሴቶች የማን እንደሆኑ ጠየቀችኝ። የእንግሊዝ ናቸው አልኳት። እዚያ ባርነት በ1834 በሕግ ቀርቷል። ከዚያ በኋላ ከሴንት ጆን ሌሊት ባሕሩን አቋርጠው ከእነዚያ ደሴቶች አንዷ ወደሆነችው ቶርቶላ ያመለጡ ነበሩ። ሌላው ደግሞ በየቀኑ ሸንኮራ እየቆረጠ ያን ማዶ ያይ ነበር፣ 14 ዓመት።

"እኔ እኮ ለቀለሙ ብዬ ነው ያነሳሁት" አለችኝ። ድምፅዋ ተሰብሮ ነበር።