የዘጌ ሥዕሎች ጭቃው ላይ አልተሣሉም

ወንድሜ፣ «የዘጌ ሠዓሊዎች በጭቃው ግድግዳ ላይ በቀጥታ ይሥሉ ነበር፤ ሰውን ከጎን የሚያሳዩትም ፊት ለፊት መሣል ስላቃታቸው ነው» ብለሃል። ብዙ ሰው የሚለው ነው፤ ሁለቱም ግን ስሕተት ነው።

ጣና ሐይቅ ዳር፣ ዘጌ ያለውን የኡራ ኪዳነ ምሕረት ቤተ ክርስቲያን ስትገባ የመቅደሱን ግድግዳ ቀረብ ብለህ እይ። እርጥበት ያላቀቀው ጠርዝ ካጋጠመህ ከቀለሙ ሥር የጥጥ ጨርቅ ታገኛለህ። ጭቃና ጭድ ይሰነጠቃል፣ ይረግፋል። ስለዚህ ጨርቁ ግድግዳው ላይ ይለጠፋል፤ ነጭ መደብ (የሥር ቅብ) ይቀባል፣ ንድፉ በመስመር ይወጣል፣ ከዚያ ቀለሙ ይሞላል። ሠዓሊው ቤቱ ቁጭ ብሎ ሠርቶ፣ ጠቅልሎ አምጥቶ የሚለጥፍበትም ጊዜ አለ። (አንዳንድ አስጎብኚም ይህን አይናገርም፤ ለምን እንደሆነ አይገባኝም።)

የጎን ፊቱስ? ያው ሠዓሊ፣ እዚያው ግድግዳ ላይ፣ ቅዱሳኑን በሁለት ዐይን ፊት ለፊት ሥሏቸዋል። ባለ አንድ ዐይን የሚያደርገው ሰይጣንን፣ ከሃዲውንና አሳዳጁን ነው። ደንብ ነው፣ የእጅ ድክመት አይደለም፤ ምእመኑ ጽሑፉን ማንበብ ባይችል እንኳ ክፉውን ከደጉ ወዲያው ይለያል። የመጨረሻውን እራት ሥዕል ስታገኝ ይሁዳን ፈልገው፤ አብዛኛውን ጊዜ በአንድ ዐይኑ ታውቀዋለህ።

«የፋብሪካ ቀለምም ተጠቅመዋል» ያልከው ግን ልክ ነው፤ በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ከውጭ መግባት ጀምሯል።