ላስቲኩን ማን ያውጣው?

አምና ክረምት፣ አንድ ቅዳሜ ጠዋት፣ መሥሪያ ቤታችን በሁለት አውቶቡስ ጭኖ ከከተማ ወጣ ያለ ኮረብታ ላይ አወረደን። ቲሸርት ታደለን። የታሸገ ውሃ ታደለን። ጉድጓዱ ቀድሞ ተቆፍሯል፤ ችግኙም በየጉድጓዱ አፍ ተቀምጦ ይጠብቀናል። የእኛ ሥራ ማስገባት፣ አፈር መመለስና ፎቶ መነሳት ነበር።

አጠገቤ ያለው ባልደረባዬ ቶሎ ጨርሶ እጁን ሲያራግፍ ወደ መሬት አየሁ። ጥቁር ላስቲክ ከአፈሩ ብቅ ብሏል። ልጁ ከነላስቲኩ ነው የተከለው።

«ላስቲኩስ?» አልኩት።

«ይወጣል እንዴ?»

የምሩን ነው። ሰነፍ እንዳይመስላችሁ፤ ጎበዝ የሒሳብ ባለሙያ ነው። ግን ፎቅ ላይ ነው ያደገው፤ በሕይወቱ ችግኝ የያዘው ያን ቀን ነው። ላስቲኩ ካልወጣ ሥሩ መውጫ ያጣል። እዚያው ሲጠማዘዝ ይከርምና በጋ ሲመጣ ችግኙ ይደርቃል። አብረን አወጣነው። ቀና ብዬ ኮረብታውን ሳየው ግን ስንቱን ልፈትሽ? ሹፌሩም ክላክስ ማድረግ ጀምሯል።

ሐምሌ 22 ቀን 2011 ዓ.ም. በአንድ ጀምበር ከ350 ሚሊዮን በላይ ችግኝ መተከሉን መንግሥት ሲያስታውቅ ካጨበጨቡት አንዱ ነበርኩ። አሁንም ዘመቻውን አልጠላም። የተራቆተ ኮረብታ ባዶውን ከሚከርም ይተከልበት። ቅሬታዬ ሌላ ነው። ዛፍን የቁጥር ጉዳይ አደረግነው። ደኑን ለመንግሥት፣ አትክልቱን ለአትክልተኛ፣ ሥዕሉን ለጋለሪ ሰጥተን እኛ ተመልካች ሆንን። ሦስቱ ዘመዳሞች መሆናቸው ተረሳ።

ዝምድናቸውን ማየት የፈለገ ዘጌ ይሂድ። ከባሕር ዳር በጀልባ ሄዳችሁ ስትወርዱ መንገዱ ጫካ ውስጥ ያስገባችኋል። ጫካ ትላላችሁ እንጂ ጓሮ ነው። ከላይ ትልልቁ ዛፍ ጥላ ይሰጣል፣ ከሥሩ ቡና አለ፣ ጌሾና ሎሚም አይጠፋም። በአገሬው ትውፊት እነዚህን ሦስቱን ያመጧቸው አቡነ በትረ ማርያም ናቸው። በትራቸውን ሦስት ቦታ ሰብረው ቢተክሉት አንዱ ቡና፣ አንዱ ጌሾ፣ አንዱ ሎሚ ሆነ ይባላል። በልማዱ ዘጌ ላይ በሬ አይጠመድም፣ መሬትም አይታረስም። ስለዚህ ሰዉ የሚኖረው ከዛፉ ሥር በሚያገኘው ነው። ጥላው ከሄደ ቡናውም ይሄዳል። ይህን ለማወቅ ሥልጠና አያስፈልገውም።

ከዚያ ጫካ መሀል ዑራ ኪዳነ ምሕረት ብቅ ትላለች። ክብ ናት። የመቅደሱ ግድግዳ ጭቃና ጭድ ነው። ላዩ ላይ የጥጥ ጨርቅ ተለጥፏል፤ በጨርቁ ላይ ደግሞ ከላይ እስከ ታች ሥዕል ነው። ቡናውን የሚለቅመው ሰው እሑድ ጠዋት በዚያው ጥላ አልፎ ሥዕሉ ፊት ይቆማል። ደኑም፣ ጓሮውም፣ ሥዕሉም የእሱ ናቸው። «የአካባቢ ጥበቃ» የሚል ስም ሳይወጣለት ይህን ያህል ዘመን የቆየው በዚህ ይመስለኛል።

ዘጌን ገነት ላደርጋት አይደለም። ከዚያው ጫካ የተቆረጠ ማገዶ በታንኳ እየተጫነ ባሕር ዳር ገበያ ሲወጣ ኖሯል። ኑሮ ሲከብድ ትውፊት ብቻውን ዛፍ አያቆምም።

«እሱ ገዳም ነው፣ ከተሜው ምን ያድርግ?» የሚለኝ አይጠፋም። እሱ አዲስ አበባ፣ መካኒሳ ይሂድ። ዞማ ሙዚየም የተከፈተው በዚያው በ2011 ነው። የሥነ ጥበብ ዐውደ ርእይ አዘጋጇ መስከረም አሰግድና ሠዓሊው ኤልያስ ስሜ ሲጀምሩት የተበከለ ቦታ ነበር። ዛሬ አትክልት ይበቅልበታል፣ ላም ይታለብበታል፣ ልጆች ይማሩበታል። ኤልያስ በሥዕል ሥራው የተጣለ የኮምፒውተር ሰሌዳና የኤሌክትሪክ ሽቦ ይጠቀማል። ሽቦውን በየቀለሙ እየጎነጎነ ይደረድረዋል፤ ከሩቅ ሲያዩት ከአውሮፕላን ላይ የታየ የእርሻ ማሳ ይመስላል።

እኔን የያዘኝ ግን ግድግዳው ነው። ጭቃ ነው። አያቶቻችን ቤት የሚመርጉበት፣ ጭድ ገብቶበት እየተረገጠ የሚቦካው ያው ጭቃ። ልስኑ ላይ መስመሩ እየተጠማዘዘ እንደ ውሃ ሞገድ ይሄዳል። ሳላስበው እጄን አሳረፍኩበት።

እናቴ አብራኝ ነበረች። «ይሄ ጭቃ ቤት አይደል እንዴ?» አለች፤ ቅር ብሏታል። አይፈረድባትም። ከጭቃ ቤት ወጥታ ብሎኬት ቤት ለመግባት ስንት ዓመት እቁብ ጥላለች! ቆይታ ግን ጠጋ አለች። በጥፍሯ ጫር አደረገችው። «አቡክተውታል» አለች፣ ራሷን እየነቀነቀች። እናቴ በልጅነቷ ጭቃ ረግጣለች። ከእሷ አፍ የወጣውን ያህል ምስጋና ሃያሲ የሚሰጥ አይመስለኝም።

አሁን ከተማችን በየኮሪደሩ ሣር ተነጥፎለታል፣ አበባ ተደርድሮለታል። ያምራል፤ አልዋሽም። ግን ሁሉም በሌላ ሰው እጅ የተሠራ ነው። እኛ ዳር ዳሩን እንሄዳለን። ልጆቻችንም ዳር ዳሩን እየሄዱ ካደጉ ነገ ከነላስቲኩ ቢተክሉ ምን ይገርማል? በእጁ ያላሳደገውን ማን መርጦ ይጠብቃል?

እኔ የምኖረው ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ነው። ጓሮዬ በረንዳዬ ላይ ያለ አንድ የቀለም ባልዲ ነው። ሥሩን በስቼ ጤና አዳም ተክዬበታለሁ። ቡና ሲፈላ ጎረቤት ሁሉ አንድ አንድ ቀንበጥ ይቀጥፋል። ባልዲው ላይ የታችኛዋ ፎቅ ልጅ በኖራ ዶሮ ሥላበታለች። ዶሮዋ አራት እግር አላት፤ ማንም እንዲያጠፋት አልፈቅድም።

ያ ባልደረባዬ ከዘመቻው በኋላ ቤት መጣ። ባልዲውን አይቶ ዝም አለ። ሲሄድ ቅርንጫፍ ቆርጬ ሰጠሁት፤ በእርጥብ ጨርቅ ጠቅልሎ ወሰደው። ከሦስት ሳምንት በኋላ፣ ሌሊት አምስት ሰዓት ላይ፣ በቴሌግራም ፎቶ ላከልኝ። ያለወትሮው ፈርቷል።

«ቅጠሉ ቢጫ ሆነብኝ። ምን ላድርግ?»

«ውሃ አብዝተህበታል» ብዬ ጻፍኩለት።