የስጦታውን ዋጋ ማን ከፈለ?

ተማሪ ሳለሁ፣ አንድ የገና ሰሞን፣ ገንዘብ ተበድሬ ለዶርም ጓደኛዬ ስጦታ ገዛሁ። ትንሽ ስፒከር ነበረች። ካርቶኗ ያብረቀርቃል፣ ዋጋዋም ያን ያህል አይደለም። ሁለት ሳምንት እንኳ ሳይሞላት ድምጿ ጠፋ። ጓደኛዬ ይሉኝታ ይዞት ትንፍሽ አላለም። እኔም አልጋው ሥር ወድቃ ሳያት እንዳላየ ሆኜ አለፍኩ። ብድሩን ግን እስከ ሁለተኛው ሴሚስተር ድረስ ስከፍል ቆየሁ።

እሱ ለእኔ ያደረገውን ደግሞ ልንገራችሁ። የተቀደደ ቦርሳዬን ሰርቆ ወስዶ አሰፋልኝ። "ሰርቆ" ያልኩት ለማጋነን አይደለም። ግማሽ ቀን ሙሉ ስፈልገው ነበር፤ በልቤ የጠረጠርኳቸው ልጆችም ነበሩ፣ ይቅር ይበሉኝ። ቦርሳው እስክመረቅ አገለገለኝ።

ገና ለብዙ ተማሪ የሚመጣው በማይሆን ሰዓት ነው። ፈተና አለ፣ ማስረከቢያው የደረሰ የቤት ሥራ አለ፣ ኪስ ደግሞ ወሩ ሳያልቅ ያልቃል። በዚህ መሀል አንዱ ይነሳና "ስም ጽፈን እጣ እናውጣ፤ ሁሉም ለደረሰው ሰው ስጦታ ይግዛ" ይላል። ሐሳቡን እወደዋለሁ። ነገሩ የሚበላሸው "ቢበዛ ከዚህ አይለፍ" የተባለውን ጣሪያ የሚያከብር ሲጠፋ ነው።

እ.ኤ.አ. በ1993 ጆኤል ዋልድፎገል የተባለ አሜሪካዊ ኢኮኖሚስት ስለ ገና ስጦታ አንድ ጥናት አሳትሞ ነበር። የጠየቃቸው የዬል ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎችን ነው። የተሰጣችሁ ዕቃ ስንት የተገዛ ይመስላችኋል? እናንተስ በገንዘባችሁ ብትገዙት ስንት ትከፍሉበት ነበር? ሁለቱ ቁጥሮች አልገጠሙም። በእሱ ስሌት ከስጦታው ዋጋ ከ10 በመቶ እስከ አንድ ሦስተኛ የሚሆነው መንገድ ላይ ይቀራል። ሰጪው ከፍሎታል፣ ተቀባዩ ግን አላገኘውም።

ይህን ጥናት ጠቅሰው "እንግዲያውስ ጥሬ ገንዘብ ስጡ" የሚሉ አሉ። እኔ አልስማማም። አንደኛ፣ ተማሪዎቹ ዋጋ ሲያወጡ የትዝታና የፍቅር ዋጋውን ወደ ጎን እንዲተዉት ተነግሯቸው ነበር። ያሰፋልኝ ቦርሳ በዚህ ሚዛን ቢቀመጥ የክር ዋጋ ብቻ ነው የሚያወጣው። ሁለተኛውና ለእኔ ዋናው ግን ሌላ ነው። ብዙ ዋጋ የጠፋው አያቶች፣ አጎቶችና አክስቶች በሰጡት ዕቃ ላይ ነበር። በጓደኞችና በፍቅረኛሞች መካከል የተሰጠው ደግሞ ከሁሉ ያነሰ ነው የባከነው። አያቶች ፍቅር አንሷቸው አይመስለኝም። የልጅ ልጃቸው አሁን ምን እንደጎደለው ከሩቅ ሆነው ማወቅ ይከብዳቸዋል።

የዶርም ጓደኛ ግን ያውቃል። የትኛው ኮርስ እንቅልፍ እንደነሳህ፣ ጃኬትህ የት ጋ እንደተቀደደ፣ ቻርጀርህ የሚሠራው ተጣሞ ሲያዝ ብቻ እንደሆነ ያውቃል። ተማሪ ገንዘብ የለውም፤ መረጃ ግን ሞልቶታል። ታዲያ ይህን ሁሉ እያወቅን ሄደን "ምርጥ ጓደኛ" የሚል ጽሑፍ ያለበት ስኒ የምንገዛው ለምንድን ነው?

ስለ ርካሽ ዕቃም ትንሽ ልበል። ዕቃ ርካሽ ሲሆን ብዙ ጊዜ ልዩነቱን ሌላ ሰው ከፍሎታል። እ.ኤ.አ. ሚያዝያ 2013 ባንግላዲሽ ውስጥ ራና ፕላዛ የተባለ ባለ ስምንት ፎቅ ሕንፃ ፈርሶ ከ1,100 በላይ ሰዎች ሞተዋል። ብዙዎቹ ለውጭ ገበያ ልብስ የሚሰፉ ሠራተኞች ነበሩ። ሕንፃው መሰንጠቁ የታየው ከአንድ ቀን በፊት ነው። በማግስቱ ግን ሠራተኞቹ ወደ ሥራ እንዲገቡ ተደረገ። ስፒከሯም ብትሆን አልጋ ሥር አትቀርም። በተባበሩት መንግሥታት ግምት እ.ኤ.አ. በ2022 ብቻ ዓለም 62 ሚሊዮን ቶን የኤሌክትሮኒክስ ቆሻሻ አውጥታለች። በአግባቡ ተሰብስቦ እንደገና ጥቅም ላይ መዋሉ የተመዘገበው ከሩብ በታች ነው። ቀሪው የት እንደሚደርስ ተቀባዩም ሰጪውም አይጠይቅም። እኔም አልጠየቅኩም።

ይህን የምጽፈው ተማሪን ለማሸማቀቅ አይደለም። በሻይ ገንዘቡ የሚኖር ልጅ ርካሽ ካልሲ ገዛ ብሎ መስበክ ሼም ነው። ደግሞም "ሥነ ምግባር ያለው" የሚባለው ዕቃ ብዙ ጊዜ ውድ ነው። የፌርትሬድ ምልክት ያለበት ቸኮሌት አቅም ካለ ጥሩ ነው። ምልክቱ ለገበሬዎቹ ማኅበር ተጨማሪ ክፍያ እንደሚደርስ ይናገራል፣ ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ግን ምልክቱ የሚነግረን ስለ አመራረቱ ነው። ጓደኛችን ይፈልገው እንደሆነ አይነግረንም። ማንም የማይፈልገው ዕቃ፣ የፈለገው ምልክት ቢለጠፍበት፣ ያው አልጋ ሥር ነው የሚገባው።

በጓደኛ ስም ለበጎ አድራጎት መለገስም አለ። "በስምህ ለአንድ ቤተሰብ ፍየል ተገዝቷል" የሚል ካርድ ይደርስሃል። ጓደኛህ የሚቆረቆርለትን ጉዳይ አውቀህ ከሆነ ይሄ ያምራል። አንተ የምትወደውን ጉዳይ መርጠህ በእሱ ስም ከሰጠህ ግን ስጦታው ለራስህ ነው። ካርዱን የተቀበለው ልጅ በፈገግታ "ደስ ይላል" ከማለት ሌላ ምን ምርጫ አለው?

ብዙ የማይወራበት ሌላ ጉዳይ አለ። ውድ ስጦታም ሰው ይጎዳል። ፈረንሳዊው የማኅበረሰብ ተመራማሪ ማርሴል ሞስ እ.ኤ.አ. በ1925 ባሳተመው ሥራ፣ ስጦታ መስጠትን፣ መቀበልንና መመለስን የሚያስገድድ ነገር እንዳለው ጽፏል። የእኛ ሰው "ብድር በምድር" ብሎ በሁለት ቃል ጨርሶታል። ቤተሰቡ ደህና የሆነ ልጅ ለክፍል ጓደኛው አዲስ የጆሮ ማዳመጫ ሲሰጥ ሐሳቡ ቅን ሊሆን ይችላል። የተቀበለው ልጅ ግን ከዚያች ደቂቃ ጀምሮ የሚያስበው "ምን ልመልስለት?" የሚለውን ነው። ወይ እንደኔ ይበደራል፣ ወይ ከዚያ ልጅ መሸሽ ይጀምራል። ሁለቱንም አይቻለሁ።

ስለዚህ እኔን ብትጠይቁኝ ለተማሪ ጥሩ ስጦታ የሚባለው ተቀባዩን ዕዳ ውስጥ የማይከት፣ ሰጪውንም የማያስበድር ነው። ያለፈው ዓመት ተማሪ የተጠቀመበት፣ ዳር ዳሩ ላይ ማስታወሻ ያለበት መጽሐፍ ከአዲሱ ይበልጣል፤ ፈተና ላይ የሚመጣው ብዙ ጊዜ እዚያው ዳር ላይ ነው። ሒሳብ የሚከብደውን ልጅ ሦስት ቅዳሜ ቁጭ ብሎ ማስጠናትም ስጦታ ነው። ያንን ግን ቀኑን ቆርጣችሁ ስጡት። "አንድ ቀን አስጠናሃለሁ" የተባለ ቀን መጥቶ አያውቅም። መጠቅለያ ካስፈለገ የድሮ ጋዜጣ ይበቃል። የሚያብለጨልጨው ወረቀት ፕላስቲክ ወይም ብረት ነክ ሽፋን ስላለው እንደ ሌላው ወረቀት እንደገና አይሠራበትም።

ጣሪያውን ዝቅ እናድርገው ብሎ መናገር ያለበት ግን ገንዘብ ያለው ልጅ ነው። የሌለው ይሉኝታ ይይዘዋል፤ አፉን ከሚከፍት ተበድሮ ቢገዛ ይመርጣል። ያለው ሲናገር ግን ማንም አይታዘበውም። እጣው ሳይወጣ፣ ሁሉም በተሰበሰበበት፣ "ዘንድሮ ዕቃ አንግዛ፤ ያለንን እንለዋወጥ ወይም የምንችለውን እንሥራ" ይበል። አጠገቡ ከተቀመጡት ቢያንስ አንዱ በረጅሙ ይተነፍሳል።