«ምን ነክተህ ነው?»

ኮምፒውተር ሲበላሽ ቤት ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ መርማሪ ይሆናል። የምርመራው የመጀመሪያ ጥያቄም ሁሌ አንድ ነው፤ «ምን ነክተህ ነው?» ፍሪጅ ሲቆም እንዲህ የሚል የለም። የኤሌክትሪክ ምጣድ አልግል ካለ «ኃይሉ አንሶ ነው» ይባላል። ኮምፒውተር ላይ ግን ነገሩ ሳይጣራ ተከሳሹ ይታወቃል፤ መጨረሻ ወንበሩ ላይ የተገኘው ሰው ነው።

እኔ የቴክኖሎጂ ሰው አይደለሁም። ጠዋት ከአያት ሜክሲኮ፣ ማታ ከሜክሲኮ አያት ስመላለስ፣ ቢሮ ዋይፋይ ላይ ያወረድኩትን ፖድካስት፣ ከኢንተርኔት የሚወርድ የወሬ ፕሮግራም፣ ጆሮዬ ላይ ሰክቼ ሰልፉንም መንገዱንም የምገፋ ተሳፋሪ ነኝ። የኳሱ ሲያልቅብኝ ነው ወደ ቴክኖሎጂው የገባሁት። ከሚሉት ግማሹን አልከታተለውም፤ ስለ ቺፕ ናኖሜትር ሲያወሩ እኔ ረዳቱ መልስ ሰጥቶኝ እንደሆነ አስባለሁ። የቀረው ግማሽ ግን ከዚያች ከ«ምን ነክተህ ነው» ነጻ አውጥቶኛል።

ውለታውን ከመቁጠሬ በፊት ቅሬታዬን ልጨርስ።

ፖድካስት የሚለውን ቃል እ.ኤ.አ. በ2004 ቤን ሀመርስሊ የተባለ ጋዜጠኛ የእንግሊዙ ጋርዲያን ላይ ሲጽፍ እግረ መንገዱን የጣለው ነው፤ የአይፖድን ስም ከስርጭት ጋር አዳቅሎ። አይፖዱ ዛሬ አይመረትም፣ ስሙ ግን ከእሱ በላይ ኖረ። በዓመቱ ሊዮ ላፖርት ከካሊፎርኒያ «ዚስ ዊክ ኢን ቴክ» የተባለውን ሳምንታዊ ጭውውት ጀመረ፤ ሃያ ዓመት ተሻግሯል። ይኸው ሰው «ዘ ቴክ ጋይ» የሚባል የሬዲዮ ፕሮግራምም ነበረው። ሰዎች ስልክ እየደወሉ ፕሪንተሬ እንዲህ ሆነ፣ ኢሜይሌ አልከፈት አለ ይሉት ነበር። ያ ፕሮግራም በ2022 መጨረሻ ቆመ። ለእኔ ቢጤው ቅርቡ እሱ ነበር።

አሁን ወሬው ሌላ ነው። የትኛው ኩባንያ የትኛውን ገዛ፣ የትኛው ሰው ሠራሽ አስተውሎት ከየትኛው በለጠ፣ የሚታጠፈው ስልክ ስንት ጊዜ ይታጠፋል። ኮምፒውተር ሲነሳም አዲስ ስለወጣ ነው። አምራቹ ለገምጋሚው አንድ ይልክለታል፣ እሱ ለሳምንት ለሁለት ሳምንት ይሠራበታል፣ ፍርዱን ሰጥቶ ይመልሰዋል። ላፕቶፕን በሁለት ሳምንት መገምገም ሙሽሮችን በጫጉላቸው ስለ ትዳር እንደመጠየቅ ነው። የኮምፒውተር አመሉ የሚወጣው በአራተኛው፣ በአምስተኛው ዓመት ነው፤ ያኔ ገምጋሚው አሥር ማሽን ቀያይሯል።

እኛ ጋ ደግሞ ብዙው ሰው ኮምፒውተር የሚገዛው «ስላሽ» ነው፤ ውጭ አገር አገልግሎ፣ ተወልውሎ፣ ባትሪው ደክሞ የመጣ። ያ ማሽን ከእኔ ጋር የሚውልበት የመጀመሪያ ቀን ለራሱ የስድስተኛ ዓመት ልደቱ ሊሆን ይችላል። የእነርሱ ግምገማ ካለቀ ከብዙ ዘመን በኋላ የእኛ ይጀምራል ማለት ነው። በአማርኛም እንደ ኢቢኤሱ «ቴክ ቶክ ከሰለሞን ጋር» ያሉ ፕሮግራሞች አሉን፤ ብዙ ሰው አስተምረዋል። ሆኖም ስለ ነገው ዓለም የሚነግረኝን ያህል ጠረጴዛዬ ላይ ስታክ አድርጎ ስለተቀመጠው የሚነግረኝ ሰው ብዙ የለም።

ይህን ሁሉ ብዬ ግን አድማጭ ሆኜ ቀርቻለሁ። ምክንያቱ አንድ ክብ ባትሪ ነው።

ባለፈው ዓመት ክረምት የቤታችን ዴስክቶፕ ዌብሳይት አልከፍት አለ። ኢንተርኔቱ አለ፣ ስልኩ ላይ ይሠራል፤ ኮምፒውተሩ ላይ ግን የተነካው ገጽ ሁሉ «ሰዓትዎ ወደ ኋላ ቀርቷል» የሚል ማስጠንቀቂያ ይዞ ይወጣል። ጥግ ላይ ያለውን ቀን ሳየው ጃንዋሪ 1፣ 2017 ይላል። ያኔ በእኛም አቆጣጠር 2017 ነበር። ባለቤቴ «ታዲያ ምን አጠፋ? ሐበሻ ሆኖ ነው» አለችና ሳቀች፤ ቀጥላ ግን የተለመደውን ጠየቀች፤ ምን ነክተህ ነው?

ጥገና ቤት ወሰድኩት። ልጁ ክዳኑን እንኳ ሳይከፍት «ቫይረስ ነው ጋሼ፤ ፎርማት ይደረግ» አለኝ። ፎርማት የኮምፒውተር ቤቶች ፀበል ነው፤ ለሁሉም በሽታ ይታዘዛል። ከፈልኩ፣ ተደረገ፣ ሠራ። ልጆቹ የጫኑት ሁሉ ጠፋ፤ ደግነቱ ፎቶዎቹ ፍላሽ ላይ ነበሩ። በሦስተኛው ቀን መብራት ሄደ። ሲመጣ ኮምፒውተሩ ተመልሶ ጃንዋሪ 1፣ 2017 ላይ ቁጭ ብሏል።

መልሱን ያገኘሁት ቦሌ ድልድይ ሥር መኪናው ተጨናንቆ በቆመበት ነው። ሁለት ሰዎች የአድማጭ ደብዳቤ ያነባሉ፤ ደብዳቤው የእኔን ቤት ጉድ ነው የሚያወራው። ማዘርቦርዱ፣ ማለትም የኮምፒውተሩ ዋና ሰሌዳ፣ ላይ እንደ ሳንቲም ክብ የሆነች ባትሪ አለች። ሲአር 2032 ትባላለች፤ ቁጥሩ ልኳ ነው፣ 20 ሚሊሜትር ስፋት፣ 3.2 ሚሊሜትር ውፍረት። 3 ቮልት ነች። ኮምፒውተሩ ሶኬት ላይ እስካለ ድረስ ሰዓቱ ከግድግዳው ኃይል ይጠባል። መብራት ሲሄድ ጊዜውን የምትጠብቀው እሷ ብቻ ነች። እሷ ከሞተች ማሽኑ ቀኑን ይረሳና ፋብሪካ ወደሰጠው ይመለሳል። ዌብሳይቶች ደግሞ ማንነታቸውን የሚያረጋግጡበት የምስክር ወረቀት መጀመሪያና ማብቂያ ቀን አለው፤ ራሱን 2017 ላይ ያገኘ ኮምፒውተር በ2025 የተሰጠ ወረቀት ሲያይ ገና ያልተወለደ ሰው መታወቂያ ይዞ የመጣ ይመስለዋል። አያስገባም። ቫይረስ የለም፤ የነካሁት ነገርም የለም።

ባትሪዋን የገዛሁት መገናኛ አካባቢ የመስታወት ሣጥኑን ይዞ ከሚቀመጥ ሽማግሌ ሰዓት ሠሪ ነው። 

«የምን ሰዓት ነው የኔ ልጅ?» 

«የኮምፒውተር ነው ጋሼ።» 

«እሱም ሰዓት አለው?» አሉና መነጽራቸውን ወደ ግንባራቸው ሰቅለው አዩኝ። ባትሪዋን በጨርቅ ወልውለው፣ በመለኪያቸው ነክተው፣ «ሦስት ሙሉ ናት» ብለው ሰጡኝ። ከሁለት ማኪያቶ ዋጋ አትበልጥም። አንድ ለመጠባበቂያ ጨመርኩ። ማታ የድሮዋን በቢላ ጫፍ ፈንቅዬ አዲሷን ስተካ፣ ቀኑን ሳስተካክል፣ ሁሉም ተከፈተ። ባለቤቴ ትንሽ ዝም ብላ «ታዲያ ባትሪውን ምን አድርገኸው አለቀ?» አለች።

ከዚያ ወዲህ ነው የፖድካስት ጥቅም የገባኝ። ስቲቭ ጊብሰን የሚባል ሰው እ.ኤ.አ. ከ2005 ጀምሮ «ሴኪዩሪቲ ናው» በተባለ የኮምፒውተር ደኅንነት ፖድካስት ላይ በየሳምንቱ ያወራል። ለዓመታት 999ኛው ላይ አቆማለሁ ሲል ቆይቶ ሐሳቡን ቀየረና በ2024 ሺኛውን አለፈ። የዚህ ሰው ችሎታ እንዳየሁት አንድ ነው፤ አንድ ብልሽት ይይዝና ከየት እንደመጣ፣ ማን ምን ሲሠራ ምን እንደዘነጋ ቁጭ ብሎ ይፈታዋል። ሲጨርስ ጥፋቱ ባለቤቱን ያገኛል። ባለቤቱም አብዛኛውን ጊዜ ወንበሩ ላይ ያለው ሰው አይደለም።

ትንሿን ምሳሌ ውሰዱ። «አጥፍተህ አብራው» ያልተባለ ሰው የለም። እኔም ለዓመታት ማሽኑ ሲያስቸግር ሻት ዳውን አድርጌ፣ ቡና ጠጥቼ፣ መልሼ ስከፍተው ያው ሆኖ አገኘው ነበር። ለካስ ከዊንዶውስ 8 ጀምሮ ማሽኑ ቶሎ እንዲነሳ ተብሎ «ፋስት ስታርታፕ» የሚባል ነገር ገብቷል፤ እሱ ከበራ ሻት ዳውን ሲባል የሥርዓቱ እምብርት እንዳለ ዲስክ ላይ ይቀመጣል፣ ሲከፈት ከነአመሉ ይመለሳል። በትክክል የሚያጸዳው ሪስታርት ነው። «አጥፋ» የሚለው ቁልፍ በትክክል እንደማያጠፋ ከየት ልወቅ? ቁልፉን የሠራው ሰው ነው ሊጠየቅ የሚገባው።

ትልቁ ምሳሌ ደግሞ ሐምሌ 12 ቀን 2016 ዓ.ም. የሆነው ነው። ክራውድስትራይክ የተባለ የደኅንነት ኩባንያ የተሳሳተ አፕዴት ላከና 8.5 ሚሊዮን ገደማ የዊንዶውስ ማሽኖች ሥርዓቱ ሲወድቅ የሚወጣው ሰማያዊ ስክሪን ላይ ቀሩ። አየር መንገዶች በሺዎች የሚቆጠሩ በረራዎች ሰረዙ፣ ሆስፒታሎች ቀጠሮ አዛወሩ። መድኃኒቱ ማሽኑን በሴፍ ሞድ፣ ማለትም የግድ የሚያስፈልገው ብቻ በሚነሳበት መንገድ፣ ከፍቶ አንዲት ፋይል ማጥፋት ነበር፤ በብዙ ቦታ አንድ በአንድ፣ በእጅ። ያን ሳምንት ፖድካስቶቹን እየሰማሁ፣ ይቅር ይበለኝ፣ ደስ አለኝ። ሙሉ የኮምፒውተር ክፍል ያለው አየር መንገድ እንደ እኔ ባዶ ስክሪን ላይ አፍጥጦ ቆመ፤ ምን ነካችሁ ያለው ግን አልሰማሁም።

ስለዚህ የምጠይቃቸው ነገር ቢኖር ያን ትዕግሥት ለአሮጌው ማሽን እንዲሰጡ ነው። ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. ዊንዶውስ 10 መደበኛ ድጋፉ፣ የደኅንነት አፕዴቱ፣ ተቋረጠ። ዊንዶውስ 11 ደግሞ ቲፒኤም 2.0 የሚባል የደኅንነት ቺፕ ይጠይቃል፤ ከኢንቴል ፕሮሰሰሮችም በጥቅሉ ከስምንተኛው ትውልድ በታች ያለውን አይቀበልም። የእኔ ስድስተኛ ነው። ፖድካስቶቹ ነገሩን ያነሱት በአብዛኛው «አዲስ ግዙ ወይስ ለአንድ ዓመት ማራዘሚያ 30 ዶላር ክፈሉ» በሚል ነው፤ ማራዘሚያውን በነጻ የሚያስገኝ መንገድም አለ ብለው ቶሎ ያልፉታል። የእኔ ማሽን ይጽፋል፣ ያትማል፣ ልጆቹን ያስጠናል፣ ቀኑንም አሁን ያውቃል። ምን ጎደለው ብሎ አንድ ሰዓት ሙሉ የሚከራከርልኝ ሰው ብሰማ በየመሃሉ የሚያስገቡትን የፍራሽ ማስታወቂያ እንኳ ሳልዘል አዳምጣለሁ።

በቀደም የሥራ ባልደረባዬ ማታ ደወለች። ሰላምታ እንኳ አልሰጠችኝም። «ኮምፒውተሩ ተበላሸብኝ፤ እመብርሃንን ምንም አልነካሁም!»

«መብራት ሄዶ ነበር?» አልኳት።

«አዎ፣ ከሰዓት።»

መሳቢያውን ስቤ መጠባበቂያዋን ባትሪ መፈለግ ጀመርኩ። «ቀኑ ስንት ይላል?»