«እሱን አትየው፣ ይዋሻል»

ባለፈው ሳምንት የአንድ አሮጌ ኮሮላ ጋቢና ውስጥ ተቀመጥኩ። የነዳጅ ጌጁ ቀስት ከ«ኢ» በታች ተጋድሟል። «ጋሼ፣ ነዳጅ ያለቀ ይመስለኛል» አልኩ። ሹፌሩ ወደ ቀስቱ ዞር እንኳ አላሉም።

«እሱን አትየው፣ ይዋሻል። ሦስት ዓመቱ ነው።»

ሦስት ዓመት! ዓይን ዓይናቸውን እያየ የሚዋሽ ነገር ፊት ለፊታቸው ተቀምጦ ሦስት ዓመት አብረውት ኖረዋል። አልተቆጡም፣ አልተጣሉም፣ ሽማግሌ አልላኩበትም። እንዲህ ያለ ትዕግሥት በትዳር እንኳ አላየሁም። ዛሬ ብዕሬን ያነሳሁት እኚህን ሰውና መሰሎቻቸውን ላወድስ ነው። ከተማው ሞልቷቸዋል፣ አመስጋኝ ግን የላቸውም።

ቀስት አይተን የምንነዳ ሰዎች ሰነፎች ነን። ጌጁ የሞተበት ሹፌር ግን መኪናውን ከነአንጀቷ ያውቃታል። ጠዋት ከመነሳቱ በፊት የኋላ መከላከያዋን ይዞ ወዝወዝ ያደርጋታል። ጆሮውን ጣል አድርጎ ያዳምጣል። ድምፁ ወፍራም ሆኖ ከተንቦጫረቀ ቃሊቲ ደርሶ መልስ ነው። ቀጠን ካለ እስከ ሜክሲኮ። ምንም ካልተሰማ ደግሞ «ጢም ብላ ሞልታ ነው እንጂ ባዶማ ትጮህ ነበር» ይላል። ሐኪም እንኳ ደረት ሲያዳምጥ እንዲህ እርግጠኛ አይሆንም።

በብር የሚለካም አለ። «አምስት መቶ ብር ሁለት ቀን ታስኬደኛለች።» ሊትር የሚባለውን ነገር ለማደያው ትቶለታል። የነዳጅ ዋጋ ሲጨምር ያው አምስት መቶ ብር ሁለት ቀን መድረስ ነበረበት። መኪናዋ ግን አንድ ቀን ተኩል ላይ ቀጥ አለች። ጥፋቱ የማን ነው? የእሷ ነዋ። «ነዳጅ መብላት ጀምራለች» ተብላ ትታማለች።

ከሁሉ የምወደው ግን በኩርኩም የሚያክመውን ነው። ዳሽቦርዱን በጣቱ አንጓ ኳ ኳ ያደርገዋል። አንዳንዴ ቀስቱ ደንግጦ ብድግ ይላል። ቀስት በኩርኩም ከተነሳ የሆነ ቦታ የላላ ግንኙነት አለ ማለት ነው። ይህን ግን ማን ጠየቀ? ተገሥጿል፣ ታርሟል፣ ጉዞ ይቀጥላል።

ሰልፍ ላይ ደግሞ እዩት። ነዳጅ ይኑረው አይኑረው ስለማያውቅ ሰልፍ ባየ ቁጥር ይሰለፋል። ሁለት ሰዓት ፀሐይ ላይ ቆሞ ተራው ሲደርስ አምስት ሊትር ገብቶ ቱፍ ይላል። ሞልቶ ኖሯል! ከኋላው መቶ መኪና ቆሟል። እሱ ግን ፈገግ ብሎ ይወጣል፤ ቢያንስ አሁን ያውቃል። እስከ ነገ።

ጋራዦቻችንም የዚህ ጥበብ ተካፋዮች ናቸውና ምስጋናው ይድረሳቸው። በራሴ መኪና አይቻለሁ። ቀስቷ ሞተች። ቴስተር የሚባል የኤሌክትሪክ መለኪያ ከመሳቢያ ሳይወጣ «ጌጁ ነው» ተባለ። ሶማሌ ተራ ወርጄ ያገለገለ ጌጅ ገዛሁ። ተገጠመ። ቀስቷ ወይ ፍንክች። «እንግዲያው ሴንሰሩ ነው።» እንደገና ሶማሌ ተራ። ሻጩ ሁለተኛ ሲያየኝ ወንበር ሰጠኝ። ሦስተኛ ለሶኬቱ ስመጣ ሻይ አዘዘልኝ። (ዝምድና እንዲህ ነው የሚጀመረው።) በአራተኛው ቀን አንድ ተለማማጅ ልጅ ከመኪናዋ ሥር ገብቶ ዝገት የበላውን የግራውንድ ሽቦ፣ ኤሌክትሪኩን ወደ መኪናዋ አካል የሚመልሰውን፣ አገኘ። በብርጭቆ ወረቀት ፈተግ ፈተግ አድርጎ መልሶ አሠረው። ቀስቷ ተነሳች።

ልጁ ተሸለመ ብላችሁ ጠብቃችሁ ከሆነ ተሳስታችኋል። «ማን ንካ አለህ?» ተብሎ ተቆጡት። «ነገር ከሥሩ ውሃ ከጥሩ» ያሉት አበው ጋራዥ ገብተው አያውቁም መሰለኝ። እዚህ ነገር የሚጀመረው ከላይ ነው፣ ከውዱ።

ምሥጢር ማውጣት ነውር ቢሆንም አንድ ነገር ልናገር። ይህ ሁሉ ጥበብ የሚፈስበት ዕቃ አሳፋሪ በሆነ መንገድ ቀላል ነው። ሰልባትዮው (የነዳጅ ታንከሩ) ውስጥ ነዳጁ ላይ የምትንሳፈፍ ነገር አለች። ክንድ አላት። ነዳጁ ሲወርድ አብራ ትወርዳለች፣ ሲሞላ ትወጣለች። የክንዷ ሌላኛው ጫፍ ሬዚስታንስ (ኤሌክትሪክን የሚገታ ነገር) ላይ ይንሸራተታል። ሴንሰር የሚሉት ይህንኑ ነው። በብዙ አሮጌ ቶዮታዎች ሲሞላ ወደ 3 ኦም፣ ባዶ ሲሆን ወደ 110 ኦም ይለካል። በአሮጌዎቹ የጀነራል ሞተርስ መኪኖች ደግሞ ተገላቢጦሽ ነው፤ ባዶው 0፣ ሙሉው 90። እንግዲህ ከየትም የተፈታ ሴንሰር ገጥሞ ቀስቱ «ሙሉ» ሲል ዕልል ማለት የራሱ በረከት አለው።

መፈተሹስ? የኋላውን ወንበር ማንሳት ነው፤ በብዙ የቤት መኪኖች ክዳኑ እዚያ ሥር ነው። ሲጋራ ማጥፋት፣ እሱ እንኳ ከተቻለ። የሴንሰሩን ሶኬት ነቅሎ ቁልፉን መክፈት። በእነዚያ ቶዮታዎች ቀስቱ «ኢ» ላይ ይተኛል። ከዚያ ወደ ጌጁ የሚሄደውን ሽቦ በትንሽ አምፖል በኩል ከግራውንድ ጋር ማገናኘት። የቶዮታ የጥገና መጽሐፍ 3.4 ዋት አምፖል ይላል፤ በቀጥታ እንዳይነካ ነው። ቀስቱ ወደ «ኤፍ»፣ ወደ ሙሉው፣ ከወጣ ጌጁም ሽቦውም ደህና ናቸው፣ ጥፋቱ ያለው ሰልባትዮው ጋ ነው፤ ወይ ሴንሰሩ ወይ ግራውንዱ። ካልወጣ ሽቦውን ወይም ጌጁን መያዝ ነው። የሙቀት ጌጁም አብሮ ከሞተ ከሁሉ በፊት ፊውዝ ማየት። ይኸው ነው። አምስት፣ ቢበዛ አሥር ደቂቃ።

አሥር ደቂቃ ውስጥ የሚያልቅ ሥራ ደግሞ ምን ክብር አለው? ለባለመኪናውስ ምን ተብሎ ይጠየቃል?

ሴንሰሩ ራሱ ያለቀ እንደሆነ ለማወቅ ቴስተር አያይዞ ክንዷን በእጅ ቀስ እያሉ ማንሳት ነው። ቁጥሩ የሆነ ቦታ ላይ ከዘለለ እዚያ ተበልቷል። የእኛዎቹ የት ጋ እንደሚበሉ መገመት አያቅትም። ዕድሜያቸውን ሙሉ በ«ኢ» እና በሩብ መካከል ሲመላለሱ ነው የኖሩት። ታችኛው ተፍቆ አልቋል፣ ላይኛው ግማሽ ግን ከፋብሪካ እንደወጣ አለ። መኪና ሲሸጥ «ላይኛው ያልተነካ» ተብሎ ቢጻፍ ውሸት አይሆንም። ሰልባትዮ ውስጥ የሚቀመጥ የቤንዚን ፓምፕም የሚቀዘቅዘው በዚያው ቤንዚን ነው። ሁልጊዜ በጠብታ ሲነዱበት ይግልና ይቃጠላል። ያኔ «የዘንድሮ ዕቃ ፌክ ነው» ይባላል።

ጥበቡ የእኛ ብቻ ነው ብዬ ልኩራራ ነበር፤ ለካ ፈረንጅም ሞክሮታል። በ1983 በፈረንጅ አቆጣጠር፣ በእኛ ሐምሌ 1975 ዓ.ም. መሆኑ ነው፣ የኤር ካናዳ ቦይንግ 767 የነዳጅ ጌጆቹ እንደሞቱ ከሞንትሪያል ተነሳ። የብልሽቱ ሥር በደንብ ያልያዘች አንዲት የብየዳ ነጥብ ነበረች። እነሱም እንደኛ ሰው ተስፋ አልቆረጡም። ነዳጁን በመለኪያ ዘንግ ለኩ። ሊትሩን ወደ ኪሎ ሲቀይሩ ግን በ0.8 ፈንታ ወደ ፓውንድ የሚቀይረውን 1.77 ተጠቀሙ። ከሚያስፈልጋቸው ግማሽ የማይሞላ ነዳጅ ይዘው «ይበቃናል» ብለው በረሩ። 41 ሺህ ጫማ ላይ ማስጠንቀቂያው ጮኸ፤ ከዚያ ሁለቱም ሞተሮች ተራ በተራ ጸጥ አሉ።

ካፒቴኑ ሮበርት ፒርሰን ሞተር አልባ አውሮፕላን የማብረር ልምድ ነበራቸው። ያንን ግዙፍ ነገር እንደ ጭልፊት እያንሳፈፉ ጊምሊ የተባለ የቀድሞ የጦር አየር ማረፊያ ላይ አሳረፉት። የቀድሞው ማኮብኮቢያ በዚያ ቀን የመኪና ውድድር ይካሄድበት ነበር። በአውሮፕላኑ ውስጥ 69 ሰው ነበር። አንድም አልሞተም።

እኛ ሰፈር ቢሆን «ከእንጦጦ በፍሪ ወረደ» ተብሎ ገድል ይጻፍላቸው ነበር፤ አውሮፕላኑም በነጋታው በዚያው ጌጅ ሥራ ይገባ ነበር። ካናዳዎቹ ግን ምን አደረጉ? ምርመራ! ማን ለካ፣ በምን ቁጥር አባዛ፣ ያቺ ነጥብ ለምን ላላች እያሉ ተጠያየቁ። አይ ፈረንጅ። ደስታ አያውቅበትም።

ወደ ኮሮላዋ ልመለስ። ከመገናኛ ወደ ሲኤምሲ ስንሄድ ሁለት ጊዜ ትንፋሽ አጠራት። ከዚያ ዝም። ወርደን ገፋናት። መንገደኛም አገዘን፣ እግዜር ይስጠው።

«ነዳጅ ጨርሳ ነው?» አለ አንዱ ገፊ።

«ኧረ የለም፣ ኮይል ነው» አሉ ጋሼ፣ እየተቆጡ፤ ለሞተሩ እሳት የሚሰጠው ዕቃ መሆኑ ነው። ኮፈኑን ከፍተው አንገታቸውን አስገቡ። አንድ ሽቦ ነቅለው መልሰው ሰኩ። ሞተሩን ኩርኩም ነገር አቀመሱት። ሞተር ግን እንደ ጌጅ አይደነግጥም።

ከግማሽ ሰዓት በኋላ አንድ የሚኒባስ ሹፌር አዝኖላቸው ከራሱ መኪና በቱቦ ስቦ በሃይላንድ ላስቲክ ቤንዚን ሰጣቸው። «ለኮይሉ ነው» አልኩ በልቤ። ሊጨምሩበት ወደ ኋላ ከመሄዳቸው በፊት ጋሼ በመስኮቱ አጎንብሰው ዳሽቦርዱን አዩ። ቀስቱ እንደ ድሮው «ኢ» ላይ ተጋድሟል። ፊታቸው በራ።

«አየኸው?» አሉኝ። «ዛሬ ልክ ነው የሚናገረው። ጋራዥ አያስፈልገውም ስል አልነበር? ይኸው፣ በራሱ ጊዜ ዳነ።»