ማስተካከያ፦ «ዊዳል ፖዘቲቭ» ማለት ታይፎይድ ተረጋገጠ ማለት አይደለም

ዊዳል ለታይፎይድ የሚደረግ የደም ምርመራ ነው። ሰሞኑን በሐዋሳ የቴሌግራም ግሩፖች የሚዞር አንድ ጽሑፍ «በዊዳል 1፡80 ከመጣ ታይፎይድ ተረጋግጧል፤ ወዲያው ሲፕሮ መጀመር ነው» ይላል (ሲፕሮ አንቲባዮቲክ ነው)። ይሄ ስህተት ነው።

ዊዳል ባክቴሪያውን ራሱን አያይም። የሚያየው ሰውነት ባክቴሪያውን ለመከላከል ያመረተውን አንቲቦዲ ነው፤ 1፡80ም የአንቲቦዲውን መጠን የሚያሳይ ቁጥር ነው። አንቲቦዲው ደግሞ ከድሮ ሕመም ወይም ከክትባት የቀረ ሊሆን ይችላል። ወባና ሌሎች ኢንፌክሽኖችም ውጤቱን ፖዘቲቭ ሊያደርጉት ይችላሉ። ስለዚህ የአንድ ጊዜ ውጤት ብቻውን ማረጋገጫ አይሆንም። የዓለም ጤና ድርጅት መመሪያ የሚያስቀድመው የደም ካልቸርን (ደም ውስጥ ያለውን ባክቴሪያ በላብራቶሪ አሳድጎ የሚያይ ምርመራ) ነው። በአገራችን ሁለቱን ምርመራዎች ያነጻጸሩ ጥናቶችም፣ ዊዳል ፖዘቲቭ ከሆኑት ታካሚዎች የብዙዎቹ ደም ውስጥ ባክቴሪያው እንዳልተገኘ አሳይተዋል። (ካልቸርም ቢሆን ቀናት ይፈጃል፤ ከ10 ሕመምተኞች 4 ያህሉ ሊያመልጡት ይችላሉ። በየጤና ጣቢያው አለመኖሩም አለ። ዊዳልን የሙጥኝ ያልነው ለዚህ ይመስለኛል።)

ጣጣው ቀላል አይደለም። ሐዋሳ ወባ ያለባት ከተማ ናት። ትኩሳት ሁሉ ታይፎይድ ከተባለ ወባው ሳይታከም ይቆያል፤ አንቲባዮቲኩንም ባክቴሪያዎች ይለምዱታል።

ጽሑፉን አይታችሁ በራሳችሁ ሲፕሮ የጀመራችሁ ካላችሁ ሐኪም ጋ ሂዱ፣ የወባ ምርመራም ጠይቁ። ሐኪም ያዘዘላችሁን መድኃኒት ግን በዚህ ማስተካከያ ሰበብ እንዳታቋርጡ።