ለዳንቴላችን ብድግ እንበል

በዚህ ከተማ እንደ ዳንቴል የሚከበር ነገር የለም። አራት ኪሎ ያለችው አክስቴ ቤት ግቡና እዩ። ፍሪጁ ለብሷል። የሶፋው መደገፊያም ክንዱም ለብሷል። ድሮ ቁጥሩ የሚዞረው ጥቁር ስልክ ሳይቀር ዳንቴል ነበረው፤ ከሥሩ ደግሞ የቁልፍ ጋን። ቁልፉ ጎረቤት እንዳይደውል፣ ዳንቴሉ ስልኩ እንዳይበርደው። ራቁቱን የቀረው የጋዝ ሲሊንደሩ ብቻ ነው ብዬ ሳዝንለት፣ ለፋሲካ እሱም ቀሚስ ወጣለት።

ቴሌቪዥን በ1957 ዓ.ም. አገራችን ሲገባ ባለ ሆድ ነበር፤ አናቱ ላይ ዳንቴል ይመቻቻል። ይሄ የዛሬው ጠፍጣፋው ግን ምኑ ላይ ይሸከም? አክስቴ ዘዴ አታጣም፤ በፕላስተር ለጠፈችው። ዜና አንባቢው አሁን ግንባሩ ላይ አበባ ተንጠልጥሎበት ያነባል። ሲያምርበት!

ትልቁ ጥበብ ግን አሠራሩ ነው። ዳንቴል ከአቧራ ይከላከላል። በምን? በቀዳዳ። በኪሮሽ ከተሠራው አበባና ኮከብ ሌላ ያለው ሁሉ ቀዳዳ ነው። ደግነቱ የአራት ኪሎ አቧራ ጨዋ ነው፣ ጥልፍ ሲያይ አፍሮ ይመለሳል። ያላፈረው በቀዳዳው ሾልኮ አበባውን በአበባ፣ ኮከቡን በኮከብ ቴሌቪዥኑ ላይ ይሥለዋል። ዳንቴሉን ስታነሱት ከሥሩ ሌላ ዳንቴል! ያውም በነፃ።

ቀለብም አለው። ታጥቦ በስኳር ውሃ ተነክሮ፣ ተወጥሮ ይደርቃል፤ ያኔ ጠርዙ እንደ ወታደር ቀጥ ይላል። ከሸማቾች በወረፋ የመጣውን ስኳር መጀመሪያ የሚጠጣው እሱ ነው። እኛ ቡናችንን እንዲሁ ፉት እንላለን። ጉንዳኖቹ ግን ሶፋው ላይ ድግስ አላቸው።

ቃሉ የመጣው ከፈረንሳይኛ ነው፤ ሥሩ ጥርስ ማለት ነው አሉ። እኔ አላመንኩም ነበር። ባለፈው እሁድ እንደ ደንቡ ሶፋው ጠርዝ ላይ ጉብ ብዬ (መደገፍማ ያጨማድዳል) ቡናዬን ጠጥቼ፣ አክስቴን ስሜ ወጣሁ። ታክሲ ውስጥ ረዳቱ ገልመጥ አደረገኝና፣

«ፋዘር፣ የሁለት ሰው ነው የምትከፍለው?» አለኝ።

ለካ የሶፋው ክንድ ዳንቴል የጃኬቴን እጅጌ ቁልፍ ነክሶ አብሮኝ ተሳፍሯል። ወዲያው ስልኬ ጮኸ። አክስቴ ናት። ደህና ገባህ ወይ ልትለኝ ነው ብዬ አነሳሁት።

«ተጨማደደ እንዴ?»